የአናናሱ ሽሮፕ ለምን በሳል ቅቤ ሸተተ?

አንዲት ጠያቂ የሚከተለውን ጽፈዋል፦ «በቤቴ የአናናስ ሽሮፕና የገላ ሳሙና እየሠራሁ እሸጣለሁ። ለሁለቱም የምጨምረው ከአንድ ጠርሙስ የምቀዳውን የአናናስ መዓዛ ነው። ሽሮፑ ሁለት ወር ሲሞላው በሳል ቅቤ መሽተት ጀመረ። ሳሙናው ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽታው ጨርሶ ጠፋ። ነጋዴው የተበላሸ ነገር ሸጦልኝ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ ሽታ ሁሉ እንዲህ ነው? ከአቼቶና ከአልኮል በቤት ይሠራል ሲባልም ሰምቻለሁና ራሴ ብሠራውስ?»

ነጋዴውን ገና አይውቀሱት። የገለጹልኝ ነገር ሁለት የተለያየ ብልሽት ይምሰል እንጂ አንድ ነው። ከጠርሙሱ የቀዱት መዓዛ በሽሮፑም በሳሙናውም ውስጥ ፈርሶ ወደ መጣበት ተመልሷል። በሽሮፑ ውስጥ ሲፈርስ ስብርባሪው ሸተተ፤ በሳሙናው ውስጥ ሲፈርስ ስብርባሪው ሽታ አልባ ሆኖ ቀረ። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ከገባዎት የትኛውን መዓዛ ለየትኛው ሥራ እንደሚመርጡ ከእንግዲህ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግዎትም። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

የበሰለ ፍሬ ሽታ ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ኤስተር ስለሚባሉት ውህዶች ነው። አንድ አሲድና አንድ አልኮል ሲያያዙ በመካከላቸው አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል፤ ተያይዞ የቀረው ኤስተር ነው። ስሙን በ1848 ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ሌዮፖልድ ግሜሊን ሲሆን፣ የጀርመንኛውን «የአቼቶ ኤተር» የሚል ቃል አሳጥሮ ነው የሠራው። የእርስዎ የአናናስ መዓዛ ከብዙ ነገሮች የተቀመመ ቢሆንም፣ እንደዚህ ባሉ መዓዛዎች ውስጥ ዋናውን ቦታ የሚይዘው ኢታይል ቡቲሬት የሚባለው ኤስተር ነው። በውስጡ ያለው አልኮል ኢታኖል ነው፤ በጠጅና በአረቄ ውስጥ የምናውቀው ያው አልኮል። አሲዱ ደግሞ ቡቲሪክ አሲድ ይባላል። ስሙ የተወሰደው በላቲን «ቅቤ» ከሚለው ቃል ነው፤ መጀመሪያ የተገኘውም ከቅቤ ነው። አፍንጫዎ አልተሳሳተም ማለት ነው። በሽሮፑ ውስጥ የሸተትዎት ነገር ቅቤን የሚመስል ሌላ ነገር አይደለም፤ በሳል ቅቤን በሳል የሚያሰኘው አሲድ ራሱ ነው።

ቅቤም እኮ ኤስተር ነው። የቅቤ ስብ ግሊሰሮል የሚባል አልኮል ሦስት ሦስት የስብ አሲዶችን ይዞ የተሠራ ነው። ከእነዚህ አሲዶች መካከል ቡቲሪክ አሲድ በክብደት ከመቶ ሦስት ወይም አራት እጅ ያህል ነው። ከግሊሰሮሉ ጋር እስከታሰረ ድረስ አይተንም፤ የማይተን ነገር ደግሞ አፍንጫ ጋር አይደርስም። ለጋ ቅቤ ሽታው ለስለስ የሚለው ስለዚህ ነው። ቅቤው ሲከርም በወተቱ ውስጥ የነበሩና ጥቃቅን ሕዋሳት የሚያመነጩአቸው ኢንዛይሞች እስሩን እየፈቱ አሲዱን ይለቁታል። ገበያ ላይ ቅቤውን አሽትታ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል ብላ የምትለይ እናት በዋናነት የምትለካው የተፈታውን አሲድ መጠን ነው። በላቦራቶሪ ይህን ለመለካት መሣሪያና ኬሚካል ያስፈልገናል፤ እሷ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች።

የቅቤና የአናናስ ዝምድና ዛሬ የተገኘ ወሬ አይደለም። በ1851 ለንደን ውስጥ በተካሄደው ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሰው ሠራሽ የፍራፍሬ መዓዛዎች ለሕዝብ ቀርበው ነበር። በወቅቱ ለንደን ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ኬሚስት አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማን መርምሯቸው የፒር ዘይት፣ የፖም ዘይትና የአናናስ ዘይት ተብለው የሚሸጡት ኤስተሮች መሆናቸውን ጻፈ። የአናናሱ ዘይት አሠራር ደግሞ ቅቤን ወደ ሳሙና መለወጥ፣ ከዚያም ሳሙናውን ከአልኮልና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር አድርጎ ማንጠር፣ ማለትም አፍልቶ እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ ማድረግ፣ ነበር። ከቅቤ ተነስተው አናናስ ላይ ደረሱ። የእርስዎ ሽሮፕ በሁለት ወር ውስጥ የሄደው በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጎልቶ እንዲታይ እፈልጋለሁ። ቡቲሪክ አሲድ የሚፈላው በ164 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ኢታይል ቡቲሬት ሞለኪውሉ ከአሲዱ ቢከብድም በ121 ዲግሪ ይፈላል። የከበደው ቀሎ የሚተንበት ምክንያት የእጅ መያያዝ ነው። በአሲድም ሆነ በአልኮል ውስጥ ከኦክስጅን ጋር የተጣበቀ ሃይድሮጅን አለ፤ በዚህ ሃይድሮጅን አማካይነት እያንዳንዱ ሞለኪውል ጎረቤቱን ጨብጦ ይይዛል። ኤስተር በሚሠራበት ጊዜ ውሃ ሆኖ የሚወጣው ይህ መጨበጫ ነው። ስለዚህ የኤስተር ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው አይያያዙም፤ በቀላሉ ከፈሳሹ ይነሳሉ፤ ክፍሉን ይሞላሉ፤ አፍንጫችን ይደርሳሉ። አፍንጫችንም ለእነሱ ንቁ ነው፤ በ1,000 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ሚሊግራም ገደማ ኢታይል ቡቲሬት ቢኖር ሊሸተን ይችላል። ለቡቲሪክ አሲድ ግን ከ200 ጊዜ በላይ የሚበልጥ መጠን ያስፈልጋል። ሽሮፕዎ እስኪሸት ሁለት ወር የፈጀው አንዱም ስለዚህ ነው። መፍረሱ የጀመረው መዓዛውን በጨመሩበት ቀን ነበር።

አሲዱን ሳንቀይር አልኮሉን ብቻ ብንለዋውጥ ምን እንደሚሆን ማየት ለእኔ እስካሁን የሚደንቀኝ ነገር ነው። የአቼቶን አሲድ፣ አሴቲክ አሲድን፣ እንውሰድ። ከኢታኖል ጋር ሲጣመር ኢታይል አሴቴት ይሆናል፤ በብዙ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዎች ውስጥ የሚሸተው እሱ ነው። ከአይሶአሚል አልኮል ጋር ሲጣመር ሙዝ ይሸታል። ከቤንዚል አልኮል ጋር ሲጣመር የጃስሚን አበባን ይሰጣል። ስምንት ካርቦን ካለው ኦክታኖል ጋር ሲጣመር ደግሞ ኦክታይል አሴቴት ይሆናል፤ ብርቱካንን የሚያስታውስ የፍሬ ሽታ ነው። ይህን የመጨረሻውን ሳያውቁት ብዙ ጊዜ አሽትተውታል። በትግራይ፣ በሁመራና በመተማ ከሚበቅለው የዕጣን ዛፍ የሚገኘው ነጭ ዕጣን ሲነጠር የሚወጣው ዘይት ትልቁ ክፍሉ ኦክታይል አሴቴት ነው። ከሌሎች አገሮች የዕጣን ዓይነቶች የሚለይበት መታወቂያውም ይኸው ነው። ያልተጨሰ ዕጣን በመዳፍዎ አሽተው ቢያሸቱት የፍሬነት ያለውን ጎኑን ያገኙታል። ሄልና ኮረሪማም በተመሳሳይ ይለያያሉ። የሄል ዘይት ከዋና ዋና ክፍሎቹ አንዱ ተርፒኒል አሴቴት የሚባል ኤስተር ሲሆን፣ በኮረሪማ ዘይት ውስጥ የሚያይለው ሲኒኦል ነው፤ ሲኒኦል ኤስተር አይደለም። አንዱን በሌላው ተክተን ቡና ስናፈላ ልዩነቱ ወዲያው የሚታወቀን ያለ ምክንያት አይደለም።

የሙዙን ኤስተር አይሶአሚል አሴቴትን እርሾም ይሠራዋል። ስኳሩን ወደ አልኮል በሚቀይርበት ጊዜ ጎን ለጎን አይሶአሚል አልኮልም ያመርታል፤ ከፊሉንም በኢንዛይም አማካይነት ወደ ኤስተር ይለውጠዋል። ጥሩ ጠጅ የማሩን ብቻ ሳይሆን የፍሬ ሽታም የሚኖረው እርሾው በሚሠራቸው ኤስተሮች ነው። ንቦችም ያውቁታል። የማር ንብ ስትናደፍ ከመንደፊያዋ አካባቢ የምትለቀው የማንቂያ ሽታ ዋናው ክፍሉ ይህ ኤስተር መሆኑ በ1962 ታውቋል። ሙዝ በልቶ ቀፎ የሚከፍት ሰው እንዲጠነቀቅ የሚመከረው ለዚህ ነው። ንብ አናቢ ጭስ የሚያጨሰውም ከምክንያቶቹ አንዱ ይህን የማንቂያ ሽታ ለመሸፈን ነው።

ወደ እርስዎ ሽሮፕ ልመለስ። ኤስተር የሚሠራበት መንገድ ሁለት አቅጣጫ አለው። አሲድና አልኮል ተያይዘው ኤስተርና ውሃ ይሆናሉ፤ ኤስተርና ውሃም ተገናኝተው መልሰው አሲድና አልኮል ይሆናሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። ፈረንሳዊው ማርሴላን ቤርተሎ ከባልደረባው ከፔያን ደ ሳን ዢል ጋር በ1862 እኩል መጠን ያለው አሴቲክ አሲድና ኢታኖል አቀላቅለው ሲከታተሉ፣ የቱንም ያህል ቢጠብቁ ከሦስት እጅ ሁለቱ ብቻ ኤስተር ሆኖ እንደሚቆም አዩ። ከሌላው ጫፍ፣ ከኤስተርና ከውሃ ሲጀምሩም የደረሱት እዚያው ሚዛን ላይ ነው። በ1895 ኤሚል ፊሸርና አርቱር ሽፓየር ጥቂት ጠንካራ አሲድ መጨመር ሥራውን እንደሚያፋጥን አሳዩ፤ ዛሬም ዘዴው በእነሱ ስም ይጠራል። ግን ልብ ይበሉ፤ አሲዱ የሚያፋጥነው ወደ ፊት ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላም እኩል ያፋጥናል። ወዴት እንደሚያደላ የሚወስነው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ውሃው እየተነጠረ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ውሃ ሲጠፋ ሁሉም ወደ ኤስተር ይሄዳል። በሽሮፕ ውስጥ ግን ኢታይል ቡቲሬቱ ጠብታ ነው፤ በዙሪያው ያለው ውሃ እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ የሚያደላው ወደ መፍረስ ነው። የሚቀረው ጥያቄ በምን ያህል ፍጥነት የሚለው ብቻ ነው።

ፍጥነቱን ሁለት ነገሮች ይወስኑታል፦ አሲዳማነትና ሙቀት። አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። እንደ ኢታይል ቡቲሬት ያሉ ኤስተሮች በውሃ ውስጥ ረጅም ዕድሜ የሚያገኙት ፒኤች 4 ወይም 5 አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ አሲድ በአንድ ፒኤች በወረዱ ቁጥር የመፍረሱ ፍጥነት አሥር እጥፍ ወደ ማደግ ይጠጋል። የፍራፍሬ ሽሮፕ ሲትሪክ አሲድ ወይም የሎሚ ጭማቂ ስለሚገባበት ብዙውን ጊዜ ፒኤች 3 ወይም ከዚያ በታች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 3 ላይ ግማሹ ለመፍረስ ወራት ይፈጃል። ፒኤቹ 2.5 ከሆነና ጠርሙሱ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ወይም በሞቀ መጋዘን ከተቀመጠ ግን ወራቱ ወደ ሳምንታት ያጥራል። የሙቀት ግምቱ ቀላል ነው፤ በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። የእርስዎ ሁለት ወር ከዚህ ጋር ይገጥማል።

አንድ ነገር ግን ማጣራት አለብዎት። ጠርሙሱ ሲከፈት ጋዝ ከለቀቀ፣ ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም አረፋ ከያዘ ጉዳዩ የኤስተር መፍረስ ሳይሆን የጥቃቅን ሕዋሳት ሥራ ነው፤ ያ ሽሮፕ ይደፋ። ፈሳሹ ጥርት ብሎ ሽታው ብቻ ከተለወጠ ግን የምነግርዎት ነገር ነው ማለት ነው።

አሁን ሳሙናው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ጠብታ ቡቲሪክ አሲድ የጋዋኔ እጅጌ ላይ አረፈ። ደጋግሜ በውሃ አጠብኩት፤ ሽታው አልለቀቀም። አብራኝ የነበረች የላቦራቶሪ ባለሙያ ጨርቁን ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ ብዙም ሳይቆይ ሽታው ጠፋ። አሲዱ የትም አልሄደም። ከሶዳው ጋር ተዋህዶ ሶዲየም ቡቲሬት የሚባል ጨው ሆነ፤ ጨው ደግሞ አይተንም። በሳሙናዎ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ሳሙና አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ነው፤ ተሠርቶ ከደረቀም በኋላ ፒኤቹ 9 ወይም 10 አካባቢ ነው። አልካሊ ኤስተርን የሚያፈርሰው ከአሲድ በበለጠ ኃይል ነው፤ ፒኤች 10 በሆነ ውሃ ውስጥ ግማሹ ኢታይል ቡቲሬት በሁለት ቀን ገደማ ያልቃል። መንገዱም እንደ አሲዱ ሁለት አቅጣጫ የለውም፤ አሲዱ ጨው ሆኖ ስለሚታሰር ተመልሶ አይያያዝም። ሳሙና ራሱ የሚሠራው እኮ በዚህ መንገድ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ የስቡን ኤስተር ሲያፈርስ የሚገኘው የስብ አሲዶች ጨው ሳሙና ነው። ስብን ለማፍረስ ያዘጋጁት ነገር መዓዛውንም አፍርሶታል። መዓዛውን የጨመሩት ሶዳው ገና ሥራውን ሳይጨርስ ከሆነ የጠፋው በሳምንታት ሳይሆን በሰዓታት ነው። ከፊሉ ደግሞ ተንኖ ሄዷል፤ ኢታይል ቡቲሬት በቀላሉ የሚተን ነውና።

ይህን በቤትዎ በዓይንዎ፣ በአፍንጫዎም ጭምር ማረጋገጥ ይችላሉ። ቅቤ የሸተተውን ሽሮፕ በሁለት ብርጭቆ ጥቂት ጥቂት ይቅዱና በአንዱ ላይ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። ሶዳው የገባበት የቅቤ ሽታው ሊደክም ይገባል። ሳሙናውን ደግሞ በውሃ ያሟሙና ሲትሪክ አሲድ ይበትኑበት፤ ጨው ሆኖ ተደብቆ የነበረ ቡቲሪክ አሲድ ካለ ብቅ ይላል። ሁለቱንም አይቅመሱ፤ አሽትተው ይድፉ።

«ሰው ሠራሽ ስለሆነ ነው?» ላሉት መልሴ አይደለም የሚል ነው። በአናናሱ ፍሬ ውስጥ ያለው ኢታይል ቡቲሬትና ፋብሪካ የሠራው ኢታይል ቡቲሬት አንድ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ይሸታሉ፣ በአንድ ሙቀት ይፈላሉ፣ በአሲድ ውስጥም በእኩል ፍጥነት ይፈርሳሉ። የቤተ ሙከራ ሰዎች ሁለቱን ለመለየት ካርበን 14 የሚባለውን የካርበን ዓይነት መጠን ይለካሉ፤ በቅርብ ከበቀለ ተክል የተገኘው አለው፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የተሠራው የለውም። በአፍንጫ የሚለይ ነገር ግን የለም። ፍሬው የሚበልጠው በጓደኞቹ ነው። በአናናስ ውስጥ ሌሎች በርካታ ኤስተሮች፣ የተቃጠለ ስኳር የሚሸት ፉራኒኦል፣ ድኝ የያዙ ውህዶችም አሉ። ርካሽ መዓዛ ከእነዚህ ሁሉ ሁለቱን ሦስቱን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ከረሜላ ከረሜላ የሚለው ስለዚህ ነው። ብዙ ሰዎች «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል የደኅንነት ዋስትና አድርገው ሲወስዱት ስለማይ ይህንም ልጨምር። ለጡንቻ ሕመም በሚቀቡ ቅባቶች ውስጥ የሚሸተው ሜታይል ሳሊሲሌት ከአንድ ተክል ቅጠል ሲነጠር በተፈጥሮው ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ ኤስተር ነው። የዚህ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ከ20 በላይ የአዋቂ የአስፒሪን እንክብል ጋር የሚመጣጠን ነው፤ ሕፃንን ሊገድል ይችላል። መጠየቅ ያለበት ከየት መጣ ሳይሆን ምንድን ነው፣ ምን ያህል ነው፣ ለምን ተዘጋጀ የሚለው ነው።

በቤት መሥራቱን በተመለከተ አይሞክሩት እላለሁ፤ ምክንያቴንም እነግርዎታለሁ። አቼቶ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አምስት እጁ ገደማ ብቻ አሴቲክ አሲድ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። በአረቄ ውስጥም ከአልኮሉ ይልቅ ውሃው ይበዛል። ስለ ሚዛኑ የነገርኩዎትን ያስታውሱ፤ ያ ሁሉ ውሃ ወደ ኋላ ይጎትታል። ጠንካራ አሲድ ከሌለበትም እጅግ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። ቢሳካልዎት እንኳ የሚያገኙት ኢታይል አሴቴት ነው፤ አናናስ ሳይሆን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ። ለአናናሱ ቡቲሪክ አሲድና የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ ያስፈልጋል። ሰልፈሪክ አሲድ ቆዳንም ዓይንንም ያጠፋል። ኢታይል አሴቴት ደግሞ ተኑ ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ሙቀት እንኳ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ፈሳሽ ነው፤ ምድጃ ባለበት ወጥ ቤት ቦታ የለውም። ከሁሉም በላይ፣ የተሠራው ነገር ያልተዋሃደ አሲድ፣ አልኮልና ሌላ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፤ ለምግብ የሚሆነው ተነጥሮ፣ ታጥቦና ተመርምሮ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መምህር ባለበት፣ በጥቂት ጠብታ፣ በሞቀ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ የመሞከሪያ ቱቦ መሥራት ግን ጥሩ ትምህርት ነው። እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት እንዲህ ባለ ቱቦ አፍ ላይ ሙዝ ከሸተተኝ ቀን ጀምሮ ነው። የተሠራው ይሸተታል እንጂ አይቀመስም።

ታዲያ ምን ያድርጉ? በሽሮፑ መጀመሪያ የሚመጣልዎት ሐሳብ አሲዱን መቀነስ ይሆናል። በዘፈቀደ አይቀንሱ፤ ሽሮፑን ከጀርም የሚጠብቀው ከስኳሩ ጋር እሱም ነው። ይልቅ ሙቀቱንና ጊዜውን ይቀንሱ። መዓዛውን ሽሮፑ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጨምሩ፤ በሚፈላ ሽሮፕ ላይ የፈሰሰ ኤስተር ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ጠርሙሶቹን ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። የአናናሱን በትንሽ በትንሹ እየሠሩ በአንድ ወር ውስጥ የሚያልቀውን ብቻ ያውጡ። ረጅም ጊዜ መቆየት ላለበት ሽሮፕ ሌላ ፍሬ መምረጥ ይሻላል። ላክቶን የሚባሉ የኤስተር ዓይነቶች አሉ፤ አሲዱና አልኮሉ በአንድ ሞለኪውል ሁለት ጫፍ ላይ ሆነው ቀለበት የሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጋማ የሚባሉት አሲድ ውስጥ ቢከፈቱም ጫፎቻቸው ጎን ለጎን ስለሆኑ መልሰው ይገጥማሉ። የኮክና የኮኮናት መዓዛ በአብዛኛው የቆመው በእነሱ ላይ ነው፤ የኮክ ሽሮፕ ከአናናስ ሽሮፕ ይልቅ ሽታውን ይዞ የሚቆየው በዚህ ነው። ቅቤ ሲነጠር የሚወጣው ደስ የሚል ጣፋጭ ሽታም በከፊል የላክቶኖች ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት መሥራት ከቻሉ ደግሞ ችግሩ ከሥሩ ይቃለላል፤ ውሃ በሌለበት ሲትሪክ አሲዱና ኤስተሩ በአንድ ከረጢት ውስጥ በሰላም ይኖራሉ።

ለሳሙናው የሽሮፑን መዓዛ መጠቀም ያቁሙ። ሲገዙ ለሳሙና የተዘጋጀ መሆኑን ነጋዴውን ይጠይቁ፤ ለሳሙና የሚቀምም ባለሙያ አልካሊ የሚቋቋመውን መርጦ ነው የሚያስገባው። ሁሉም ኤስተር አንድ ዓይነት ደካማ አይደለም። መያያዣው በትላልቅ የካርበን ቡድኖች የተከበበ ከሆነ አልካሊው በቀላሉ አይደርስበትም። በሄል ውስጥ ያለው ተርፒኒል አሴቴትና የጥድ ሽታ ያለው አይሶቦርኒል አሴቴት እንዲህ ናቸው፤ ሳሙና ሠሪዎች ከሚወዷቸው ውስጥ ናቸው። ቤንዚል ቤንዞኤት ደግሞ ከባድ ነው፤ ከ320 ዲግሪ በላይ ስለሚፈላ ሽቶ ሠሪዎች የሌሎቹን መትነን እንዲያዘገይላቸው ያስገቡታል። እሱንም በሌላ ስም ያውቁት ይሆናል፤ በጤና ጣቢያ ለእከክ የሚታዘዘው ቅባት ውስጥ 25 በመቶ ሆኖ ያለው መድኃኒት ነው። ቆዳቸው ለዚህ ኤስተር የሚቆጣ ሰዎች ስላሉ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ በመዋቢያ ዕቃዎች ማሸጊያ ላይ ስሙ እንዲጻፍ ይገደዳል። እርስዎም የሳሙናዎ መጠቅለያ ላይ ያስገቡትን ቢጽፉ ገዢዎችዎ ይጠቀማሉ።

የቀረውን የአናናስ መዓዛ አይጣሉት። በጠርሙሱ ውስጥ ውሃ እስካልገባ ድረስ ደህና ነው። በደረቅ ማንኪያ እየቀዱ፣ ክዳኑን አጥብቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡትና በሚቀጥለው ሳምንት ለሚጠጣ ሽሮፕ ይጠቀሙበት።